በማጭድ የከፈልነው ሳፋሪ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት ሰው ሳፋሪ ሄዶ በመምጣት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሄጄ መጣሁ አልኩ እንጂ አየሁ አላልኩም። ሳፋሪ የሚሉት የዱር እንስሳን በሚኖርበት ቦታ ሄዶ ማየት ነው። ዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሳለሁ አሠሪዎቼ በአንድ የዕረፍት ሰሞን ወደ ኬንያ ሲሄዱ ሕፃኗን እንድይዝላቸው እኔንም አስከትለውኝ ሄዱ። ጫካ መሀል የተሠራ ሆቴል አረፍን። እነሱ ጧት ማታ በመኪና እየወጡ አንበሳውንም ቀጭኔውንም ሲያዩ፣ እኔ ያየሁት የሕፃኗን አልጋ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመስኮታችን ሥር ወዳለው ኩሬ ዝሆኖች መጡ። ውኃውን ሲስቡ፣ ሲረጩ፣ ሲተነፍሱ እሰማለሁ። መጋረጃውን ግን መግለጥ አልችልም፤ ብርሃን ከገባ ሕፃኗ ትነቃለችና እንዳትነኪው ተብያለሁ። ጨርቅ ነው፣ በአንድ ጣት ይገለጣል። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ ዝሆኖቹ ጠጥተው እስኪሄዱ ድረስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ከሰዓት በኋላ ነው።

አገሬ ገብቼ ደብረ ታቦር ሥራ ስፈልግ ሐሳቡ ያኔ መጣልኝ። እኛስ የዱር እንስሳ የለንም? ከከተማችን ሆነን ቀና ስንል የምናየው ጉና ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ አለ ይባላል። ሰው ሰብስቤ በርካሽ ወስጄ ባሳይ እንጀራ ይሆነኛል አልኩ። መኪና ኪራይ፣ ድንኳን፣ ምግብ አብሳይ፣ መንገድ መሪ እያልኩ ሳስብ ግን ርካሹ ነገር ከየት ይምጣ? የባለሀብት ጨዋታ ሆነብኝ።

መላውን ያመጣችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ ዐረብ አገር ያገኘኋት ጓደኛዬ ስትሆን አሁን ደብረ ታቦር ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ የጉና ሥር ገበሬዎች ናቸው።

"ወንፈል እንግባ" አለችኝ። ወንፈል ዛሬ እኔ ያንተን፣ ነገ አንተ የኔን እያሉ በጉልበት መተጋገዝ ነው። "ወንድሜ ገብሱ ደርሶለታል፣ አጫጅ አንሶታል። አንድ ቀን እናጭድለታለን፣ አንድ ቀን ተራራውን ያወጣናል። ማደሪያው ቤቱ፣ ምግቡ ከቤቱ። እኛ የምንከፍለው የሚኒባስ ብቻ።"

እኔ ከደስታዬ የተነሳ ጉንጯን ሳምኳት። ነገር ግን መንገደኛ ከየት ይገኛል? አክስቴ እትዬ የሺ የማርያም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ ናቸው። ለማኅበሩ ሴቶች ብነግራቸው ሳቁብኝ። "ቀበሮው ድሮ ነበር፤ አሁን ምን ቀረ ብለሽ ነው? የሺ ሄዳ በዐይኗ አይታ ትምጣና ያኔ ሁላችንም እንከተልሻለን" አሉ። እትዬ የሺ ያላዩትን አየሁ የማይሉ፣ ልጃቸውን ለመዳር ሲጠየቁ እንኳ "ሰነፍ ናት፣ አውቃችሁ ውሰዱ" ያሉ ሴት ናቸው። እሳቸው አየሁ ካሉ ደብረ ታቦር ሁሉ እንዳየ ይቆጠራል።

በሌላ በኩል ባሕር ዳር ያለ ደላላ ፓስፖርቴን ይዞ የኅዳር ማርያም ማግስት መጥቼ ዐረብ አገር ለሌላ ቤት እንድፈርም ቀጥሮኛል። ወንድሜም "ያንቺ ነገር እንግዲህ በቀበሮ እጅ ወደቀ" ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱ እውነት ነበር። እትዬ የሺ ቀበሮዋን ካዩ እዚሁ እቀራለሁ፤ ካላዩ ወደዚያው መጋረጃ እመለሳለሁ።

ሰኞ

ጧት ከጋፋት ተነስቼ በእግሬ መናኸሪያ ደረስኩ። በሶ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ሳሙና ይዣለሁ። ትርንጎ ሦስት ማጭዶች በጆንያ ጠቅልላ መጣች። እትዬ የሺ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸዐዳ ነጠላ ደርበው፣ ጥላ ይዘው ከች አሉ። ለተራራ አለባበስ አልመሰለኝም፤ ግን አንቱ የምላቸው ሰው ናቸውና ዝም አልኩ።

የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ሲጭን ማጭዱ ወጋ አደረገውና "ምንድን ነው ይኼ? የት ነው የምትሄዱት?" አለን።

"ሳፋሪ" አልኩት ኮራ ብዬ።

"ለአጨዳ ነው በይኛ!" አለ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ያለ አንድ ሽማግሌ "ሳፋሪ የሚባል ቀበሌ ተዚህ ወዲያ አለ እንዴ?" ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

ጋሳይን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ሁላችን ወረድን። ሹፌሩ ሲፈታ ሲያስር አንዲት ሴት ድንች ቅቅል በአዋዜ ይዛ መጣች። የእኛም ከተማ ድንች አያጣም፤ የዚያ አካባቢ ግን ሲቆርሱት ዱቄት ነው። እትዬ የሺ ሁለት በልተው "ጎማው ባይተነፍስ ይኼ ያመልጠን አልነበር!" አሉ። ጉዞ ከእሳቸው ጋር ጥሩ የሚሆነው በዚህ ነው። እኔ ግን በሆዴ ስንት ሰዓት እንደባከነ እያሰላሁ ድንቹ አልወረደልኝም።

ክምር ድንጋይ ከተማ ወርደን ከዚያ በእግር ሽቅብ ጀመርን። ደብረ ታቦር ብርድ አለ የምትሉ ሰዎች ጉና ሥር ያለውን ንፋስ አታውቁትም፤ የእኛ ብርድ ጆሮ ይነካል፣ ያኛው ጥርስ ያስቆጥራል። አንድ ገደል አፋፍ ስንደርስ ትርንጎ ክንዴን ያዘች። ጭላዳዎች ሣር ላይ ተቀምጠው እየነጩ ይበላሉ። ወንዱ ጎፈሩ እስከ መሬት ወርዷል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ እንደ ጌጥ ይታያል። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እልልልልል!" የሚል ድምፅ ከጎኔ ፈነዳ። እትዬ የሺ ናቸው። ጭላዳዎቹ በአንድ አፍታ ገደሉን ወርደው ጠፉ፤ የቀረልን የተነጨ ሣር ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?" አልኩ ላለቅስ ደርሼ።

"እንዲህ ያለ የደስ ደስ ያለው ፍጥረት አይቼ አፌን ልዝጋ? እንግዳ ሲመጣ እልል ይባላል!"

"እንግዶቹ እኮ እኛ ነን!"

"እንግዲያማ እነሱ ነበሩ እልል የሚሉት" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የትርንጎ ወንድም አያ ሙጬና ሚስቱ ፈንታነሽ ከደጅ ወጥተው ተቀበሉን። ሳንጠይቅ ፈንታነሽ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አመጣችና እግራችንን ልታጥብ ተንበረከከች። የእትዬ የሺን አጠበች፤ ወደ እኔ ስትመጣ እግሬን ሰበሰብኩ። ለስንት ዓመት የሰው ልጅ አጥቤያለሁ፣ የሰው ወለል አጥቤያለሁ። የእኔን እግር የሚያጥብ ሰው ግን ከተወለድኩበት ቤት ወዲህ አልነበረም።

"ምነው? ደክሞሽ የለም እንዴ? ዘርጊልኝ በሞቴ" አለች።

ዘረጋሁላት። ዕንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩ። ማታ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ከላዩ ለጋ ቅቤ፣ ቀጥሎም በቅል ወተት ቀረበልን። የነቢያት ጾም ሊገባ ስለሆነ ቅበላ ነው፤ ላሟም ተቻኩላ የምትታለብ ይመስላል። መደቡን ለእኛ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። ኬንያ የተኛሁበት ሆቴል ፍራሹ ለስላሳ ነበር፤ እንቅልፍ ግን የተኛሁት ጉና ሥር ነው።

ማክሰኞ

ጧት ማጭዴን ይዤ ስወጣ ፈንታነሽን ነጭ በነጭ ለብሳ አገኘኋት።

"ወዴት ነው እሱን ይዘሽ?"

"ለአጨዳ ነዋ፣ ቀጠሯችን ዛሬ አይደል?"

"ኧረግ! በሚካኤል?" ብላ አማተበች። "በኅዳር ሚካኤል ነው ገብስ የምታጭጂ?"

ክው አልኩ። ቀኑን የቆጠርኩት በስልኬ ነው፤ ስልኬ ደግሞ ዐረብ አገር እንደገዛሁት በፈረንጅ ወር ነው የሚቆጥረው። የጋፋት ልጅ ሆኜ፣ በዓሉን ከተወለድኩ ጀምሮ ሲከበር እያየሁ አድጌ፣ ስንት ጊዜ ያቀድኩት ጉዞ ሥራ በተከለከለበት ቀን ላይ ወደቀ። ሰኞ መጓዝ፣ ማክሰኞ ማጨድ፣ ረቡዕ ተራራ መውጣት፣ ሐሙስ መመለስ ብዬ ያቀድኩት ሁሉ ተናደ።

"እትዬ፣ አንቱ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?"

እሳቸው ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ "እኔማ ለንግሡ የምንመጣ መስሎኝ! አለዚያ የክት ልብስ ለምኔ ነው?" አሉ። ጸዐዳው ነጠላና ጥላው ያን ጊዜ ገባኝ።

አያ ሙጬ ትከሻውን ነቀነቀ። "ወንፈሉ አንድ ቀን ተገፋ ማለት ነው። ነገ ታጭዳላችሁ፣ ሐሙስ አወጣችኋለሁ።" በእሱ ዘንድ ነገሩ አለቀ። በእኔ ዘንድ ግን ቀበሮዋን ረቡዕ ብናጣት ሐሙስ እንደግማለን ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ ዐርብ ጾሙ ስለሚገባ እትዬ የሺ ከቤቴ ውጭ ጾም አልይዝም ብለው ከደብረ ታቦር ስንነሳ ጀምሮ ምለዋል። ሐሙስ ካላየን ሌላ ቀን የለም።

ስለዚህ ንግሥ ዋልን። ኮረብታው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ታቦት ወጣ፣ ሴቱ እልል ሲል የእትዬ የሺ ድምፅ ከሁሉ በልጦ ይሰማል። ካህናቱ ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት እየጎተተ አስገባን። እምቢ ብንል "በቤቴ ሳትገቡ?" ብለው ይቀየማሉ፤ እሺ ብንል ሆዳችን ሊፈነዳ ሆነ። እኔ እየበላሁ ዐይኔ ተራራው ላይ ነው። ዳመና እየወረደ ሸፈነው፣ እንደገና ገለጠው። ለሌላው በዓል ነበር፣ ለእኔ የባከነ ቀን። አሁን ሳስበው ከዚያ የበለጠ የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረኝ ቢመጣ እጣላው ነበር።

ረቡዕ

ገብሱ ማሳ ላይ የደረስነው ውርጩ ሳይለቅ ነው። የማጭዱ እጀታ ይቆነድዳል። አያ ሙጬና ጎረቤቶቹ በመስመር ገቡ፣ እኔና ትርንጎ ከጫፍ ያዝን። እትዬ የሺ ነዶ ማሰር ያዙ፤ ዕድሜያቸውን አይቶ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸው ግን "እኔ ቁጭ ብዬ የማን እንጀራ ልበላ ነው?" አሉ።

ማጨድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሆኜ አጭጃለሁ። ነገር ግን በረኪናና ማጽጃ ያደነደነው እጅ ለማጭድ ሌላ እጅ ሆነ፤ ወገቤ ደግሞ ከእኔ ጋር መጣላት ጀመረ። አጫጆቹ እየዘፈኑ ጥለውኝ ሄዱ። ትርንጎም ብትሆን የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ ጣቷን ቆርጣ ፈንታነሽ በጨርቅ አሰረችላት። ረቡዕ ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስንም። በኋላ የባቄላ ቆሎና ሽሮ ሲመጣ ያን ያህል የጣመኝ ምግብ አላስታውስም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ማንም "እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ በቃችሁ" አላለንም። እንደ ራሳቸው ሰው ሥራ ሰጡን፣ እንደ ራሳቸው ሰው ስናበላሽ ሳቁብን። ዐረብ አገር ስሠራ ሠራተኛ ነበርኩ። ጉና ሥር ስሠራ ወንፈለኛ ሆንኩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አውሮፕላን አይሄደውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የመጨረሻውን ነዶ ስናነሳ፣ ትርንጎ በሹክሹክታ "ያችት!" አለች። ከማሳው ማዶ፣ የታጨደው ገብስ ዳር፣ ረጃጅም እግር ያላት ቀይ ነገር አጎንብሳ መሬቱን ታሸታለች። ቀበሮዋ ናት!

"እትዬ፣ ይመልከቱ!" አልኩ።

እትዬ የሺ እኮ እልል ሲሉ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ይህን እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኩትም ነበር። ገና "ቀበሮ" የሚለውን ከአፌ እንደሰሙ ዐይናቸውን ጨፍነው አቀለጡት። ዐይናቸውን ሲገልጡ ማሳው ባዶ ነው።

"የታለች?" አሉ።

እኔ ማጭዴን ወርውሬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ኑሮዬን ነው ያባረሩብኝ!" አልኩ። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፤ ግን ወጣ።

ፊታቸው ጠቆረ። "አንደበቴ ነው ልጄ፣ እኔ አይደለሁም" አሉ በቀስታ። "ደስ ሲለኝ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል።"

ትርንጎ ልታስታርቀን ፈልጋ "እኛ እኮ አይተናታል። አንቱም አየሁ ቢሉ ምን አለበት? ውሸት አይሆን፣ እዚሁ ነበሩ" አለቻቸው።

"ያላየሁትን አየሁ ብዬ በማርያም ጽዋ ፊት ልቁም?" አሉ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እኔም የተናደድኩባቸውን ያህል ኮራሁባቸው፤ የእሳቸው ቃል ዋጋ ያለው በዚሁ ምክንያት ነውና።

ሐሙስ

ጎሕ ሲቀድ አያ ሙጬ ከብቶቹን ከበረት አወጣ። እኔ ለመንገድ መሪነት ብቻውን የሚመጣ መስሎኝ "ከብቶቹንስ ማን ይጠብቃቸው?" አልኩት።

"አብረውን ናቸው እንጂ። ሰው ብቻውን ሲመጣ ትሸሻለች። ላም አትፈራም። ላም ስትሄድ አይጥና ፍልፈሉ ተጉድጓዱ ይወጣል፣ እሷም ተላሞቹ መሀል ሆና ትለቅማለች። እኛ ተከብት ኋላ ተጎንብሰን ነው የምንሄድ።"

ፈንታነሽ የእትዬ የሺን ጸዐዳ ነጠላ ተቀበለቻቸውና በጥቁር የሱፍ ባና ጠቀለለቻቸው። "ይኸ ነጭ ተማዶ ይታያል" አለች። ጥላውም ቤት ቀረ።

አስታ የሚሉት ዛፍ ጫካ አልፎ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ጀመረ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጅብራ የሚባሉት ባለ ረጅም ግንድ ተክሎች እዚህም እዚያም ብቻ ብቻቸውን ቆመዋል። እትዬ የሺ አየሩ አጥሯቸው እየቆሙ ይተነፍሳሉ፤ "እንመለስ" ግን አንዴም አላሉም። ከኋላችን ደብረ ታቦር ያለችበት አቅጣጫ በጉም ተሸፍኗል። ልጅ ሆኜ ከጋፋት ቀና ብዬ የማየው ተራራ ላይ ቆሜ ወደ ጋፋት ቁልቁል ማየቴ ራሱ አንድ ነገር ነው። ያን ጧት ግን ለዚህም ጊዜ አልነበረኝም።

አንድ ሜዳ ስንደርስ አያ ሙጬ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አስቆመን። ከብቶቹ ተበትነው መጋጥ ጀመሩ። እኛም ከአንዲት ሰፊ ላም ኋላ ተጠጋን። ያን ጊዜ እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ በሶ አለሽ?"

"አሁን ራበዎት?"

"አምጪው!"

ውኃ ያልነካው ደረቅ በሶ ነው። አንድ እፍኝ ሙሉ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩና ከንፈራቸውን ገጠሙ። ደረቅ በሶ አፉን የሞላበትን ሰው የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እንኳን እልል ሊል ስሙን ሊጠራ አይችልም። ጉንጫቸው አብጦ፣ ዐይናቸው ፈጦ ተራራውን ይመለከታሉ። ትርንጎ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ባናው ውስጥ ቀበረች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ስለ እኔ ብለው እንዳደረጉት አውቄያለሁ።

ቆየን። ብርዱ አጥንት ገባ። ላሟ ወደፊት ስትራመድ እኛም እንራመዳለን፣ ስትቆም እንቆማለን። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ተስፋዬ እየወረደ ሄደ። በልቤ ባሕር ዳር ሄጄ ስፈርም፣ ሻንጣዬን ስዘጋ ይታየኝ ጀመር።

ከዚያ ከሁለት ጥጆች መሀል ወጣች።

አልሮጠችም፣ አልተደበቀችም። እንደ ባለቤት ነው የምትሄደው። ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ነው፤ ጉሮሮዋና ሆዷ ነጭ፣ ጭራዋ ጫፉ ጥቁር። አንድ ቦታ ቆማ ጆሮዋን አዘነበለች፣ ዘለለች፣ አፏ ውስጥ አይጥ ነበር። ዋጠቻት። ከኋላዋ ሁለተኛ መጣ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካኩና አብረው በከብቶቹ መሀል ሄዱ። የመጀመሪያዋ እኛ ከተደበቅንባት ላም ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመችና ቀጥ ብላ አየችን። እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። መጋረጃ አልነበረም።

እትዬ የሺን ዞር ብዬ አየኋቸው። ዐይናቸው ክፍት ነው። ዕንባቸው በዱቄት በነጣው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ድምፅ የለም። ቀበሮዎቹ ኮረብታውን ዞረው እስኪሰወሩ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ የውኃውን ቅል ከአያ ሙጬ ተቀብለው በሶውን አወራርደው ዋጡና መጀመሪያ የተናገሩት ይህ ነው።

"አይቻለሁ።"

እኔ እጃቸውን ስሜ ጓሳው ላይ ተንከባለልኩ። ትርንጎ ከላዬ ወደቀች። አያ ሙጬ "እብዶች ናችሁ፣ እሷን እኮ እኔ በየቀኑ ነው የማያት" እያለ ይስቃል። ይሳቅ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ይህን ለማለት ደግሞ ማንንም አላፍርም።

ዐርብ

ጾሙ ገባ፣ እኛም ወጣን። ፈንታነሽ ድንች በከረጢት አሸክማን ስታበቃ "ስትመጡ ማጭዳችሁን እንዳትረሱ፣ ቀሪው ገብስ እናንተን ይጠብቃል" አለችን። ክምር ድንጋይ ሚኒባስ አጣን። ድንች የጫነ አይሱዙ ለምነን እትዬ የሺ ጋቢና፣ እኔና ትርንጎ ከላይ ከጆንያው ጋር ሆነን ወረድን። አቧራው ፊታችንን አልማረውም። ስንሄድ የሳቀብን ረዳት መናኸሪያው ላይ አገኘንና "እህስ፣ ሳፋሪ ታጭዶ አለቀ?" አለ። አቅፌ ልስመው ነበር።

የኅዳር ማርያም ዕለት የጽዋው ማኅበር በተሰበሰበበት እትዬ የሺ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነሱ። እኔ በር ሥር ቆሜያለሁ።

"ጉና ወጥቼ ነበር" አሉ። "ቀዩ ቀበሮ አለ። ባልና ሚስት ናቸው። ከላም መሀል እንደ ቤት ልጅ ይመላለሳሉ። ጉሮሮዋ ነጭ፣ ጭራዋ ጥቁር። ዐይኗን አይቻለሁ፣ ዐይኔን አይታለች። ይኸን ሁሉ ዘመን እዚሁ ጎረቤታችን ሆነው ሳናያቸው ልንሞት ነበር።" ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እልልታዬን እዚያ ውጬዋለሁ፤ አሁን ልክፈለው።"

አቀለጡት። ቤቱ ሙሉ ተከተላቸው። ጣሪያው የሚነሳ መስሎኝ ነበር። እትዬ የሺ ግን በዚህኛው ዐይናቸውን አልጨፈኑም፤ እኔን እያዩ ነበር።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄድኩ። ደላላው ቅጹን ዘርግቶ ጠበቀኝ፤ እኔ ፓስፖርቴን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሐሙሲት ከተማ ወርጄ አንድ እቅፍ ማጭድ ገዛሁ፤ ሻጩ "ለምን ይኸ ሁሉ? ስንት ጋሻ መሬት ነው ያለሽ?" አለኝ። "ተራራ አለኝ" አልኩት።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው ማጭድና ደረቅ በሶ ይዘው መናኸሪያ ተሰበሰቡ። እትዬ የሺ "የምታለቅሱ አልቅሱ፣ እልል የምትሉ በሶውን ጉረሱ" እያሉ በየወንበሩ ደለደሏቸው። ብርድ ነበርና ሹፌሩ ሚኒባሱን በመጋረጃ ሸፋፍኖት ነበር። ሞተሩ ሲነሳ እኔ ከፊት ጀመርኩና፣ አንድም ሳላስቀር፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መጋረጃዎቹን ገለጥኳቸው።